ከጉድጓዱ የጠጣን ዕለት

«‹አይጠጣም› ብለህ ጻፍ ነው የምልህ። አንድ ቃል ናት። ምኗ ከበደህ?»

«ቃሏ አልከበደችኝም። የምትሰቀልበት ቦታ ነው የከበደኝ።»

«ግንብ ነው።»

«መታሰቢያ ነው።»

«ባክቴሪያ መታሰቢያ አያውቅም፣ ገጣሚው!»

የውሃ ጥራት ባለሙያዋ ይህን ስትል እጇን የሐዋሳ ከተማ ካርታ ላይ አሳረፈች። ካርታው የስብሰባ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖታል፤ እንዳይጠቀለል በአንዱ ጥግ የሻይ ብርጭቆ፣ በሌላው የኮሚቴ ሰብሳቢያችን የመኪና ቁልፍ ተጭኖበታል። ጣቷ ታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ ካለች አንዲት ቀይ ነጥብ አልተነሳም። እኔ የምኖረው እዚያች ነጥብ ላይ ነበር።

«ቀይ ሰሌዳ ይጻፋል፣ ጉድጓዱ ላይ ይሰቀላል፣ አለቀ» አለች። «ሌሎቹ ላይ ስትሰቅል ስታንገራግር አላየሁም።»

«ሌሎቹ በሞተች ልጅ ስም አልተቆፈሩም።»

«ስለዚህ ሰው ይታመም?»

«እሱ አልወጣኝም። ለአከራዬ አስቀድሞ ይነገራቸው ነው ያልኩት። ሽማግሌ ይላክ። ሰሌዳ ከሰው ቀድሞ ግቢ ይገባል እንዴ?»

ሰብሳቢያችን ጡረታ የተቃረቡ መሐንዲስ ናቸው፤ ሁላችንም «ኢንጂነር» እንላቸዋለን። ጭቅጭቅ ሲበዛ መነጽራቸውን የማውለቅ ልማድ አላቸው። አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። «ልጁ እውነት አለው» አሉ። «ለድንበር ጠብ እንኳ ሽማግሌ ይላካል። ለልጅ መታሰቢያ ቆርቆሮ አንልክም።»

ባለሙያዋ ብርጭቆውን አንስታ ካርታውን መጠቅለል ጀመረች። «እሺ፣ ሽማግሌ ይሂድ» አለች። «ግን የሚነገረው ነገር ይነገር።»

በሕይወቴ ካሸነፍኳቸው ጥቂት ክርክሮች አንዱ ይህ ነው። ምነው በተሸነፍኩ የምለውም እሱን ብቻ ነው።

እኔ የውሃ ሰው አይደለሁም። መናኸሪያ አካባቢ ታፔላ እጽፍ ነበር። የፀጉር ቤት፣ የጎሚስታ፣ የቁርስ ቤት። የባጃጅ ጀርባ ላይ የሚነበቡ አባባሎችንም አወጣለሁ፤ ባለባጃጁ ስለ ምቀኛ ወይም ስለ እናቱ የሚሰማውን ያወራልኛል፣ እኔ ሁለት መስመር አድርጌ እመልስለታለሁ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። በእጄ የገባውን እያነበብኩ፣ በጆሮዬ የገባውን እየሰረቅኩ የተማርኩት ነው። ቁጭ ብዬም መጻፍ አልችልም፤ የሐይቁን ዳር እየዞርኩ በአፌ እጨርሰውና ቤቴ ስገባ ወረቀት ላይ አሳርፈዋለሁ።

ኮሚቴው የፈለገኝ ለቀለሜ ነበር። ለከተማው የውሃ ጥራት አያያዝ ዕቅድ እያዘጋጁ ነበር፤ ሰው የሚቀዳበት ውሃ ሁሉ ተመርምሮ፣ የትኛው እንደሚጠጣ፣ የትኛው ለልብስና ለእንስሳ ብቻ እንደሚሆን፣ የትኛው ጭራሽ እንደማይነካ ይለያል፤ በየቦታውም ሰሌዳ ይቆማል። እንድጽፍ የሰጡኝ ወረቀት «ለሰብዓዊ ፍጆታ የማይመከር የውሃ ምንጭ» ይላል።

«ጀሪካን ያዘለች ሴት ቆማ ይኼን አታነብም» አልኩ።

ባለሙያዋ ሳቀች። «ታዲያ ምን ትላታለህ?»

«‹አይጠጣም›።»

ቃሏን ያመጣኋት እኔው ነበርኩ። ከዚያ ወዲያ ረቂቁን በሙሉ በሰው አማርኛ እንድመልሰው አስቀሩኝ።

ባለሙያዋ የሐዋሳ ልጅ ናት። እናቷን በስልክ በአፍ መፍቻዋ፣ በሲዳሙ አፎ፣ ስታወራ ሳቋ ኮሪደሩን ይሞላዋል፤ በአማርኛ ግን ቃል አታባክንም። አብሬያት ናሙና ልቀዳ እሄድ ነበር። እሷ ጠርሙሶቿን በረዶ ባለው ሳጥን ይዛ፣ እኔ ቀለምና ብሩሼን ይዤ፣ በአንድ ባጃጅ። ከተማዬን የማውቃት ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ከሥር ነው የምታውቃት። ቧንቧው በፈረቃ ስለሚመጣ ባዶውን በሚያድርበት ጊዜ በተሰነጠቀው በኩል ከአፈሩ እርጥበት እንደሚስብ፣ ፈረቃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ ለምን እንደሚደፈርስ ነገረችኝ። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ዓሣ የሚያጸዱት ሰዎች እጃቸውን የሚታጠቡበትን ውሃ እየቀዳች ቀና ብላ ጥርሴን አየች።

«ስትስቅ አፍህን የምትገጥመው ለዚህ ነው?» አለች።

ጥርሴ ቡናማ ነው። ያደግኩት ከከተማው ውጭ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ፍሎራይድ የበዛበት፣ ጥርስ የሚያቀልም የጉድጓድ ውሃ እየጠጣሁ ነው።

«ማን ነገረሽ?»

«ጥርስህ።» ጠርሙሱን ከደነች። «ያኔ አንድ ሰው ሰሌዳ ቢያቆም ኖሮ ዛሬ አፍህን ከፍተህ ትስቅ ነበር።»

ይህን አልረሳሁትም። ነገሩ ሁሉ ካለፈ በኋላም የሚቆጨኝ ስለማላውቀው ነገር መከራከሬ አይደለም፤ እያወቅኩ መከራከሬ ነው። ጥርሴ ያውቅ ነበር።

አከራዬ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። «ጋሼ» እላቸው ነበር። ወላጆቻቸው ለመንግሥት ሥራ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሳቸው ግን ታቦር ላይ ሁሉም ሰው መምህሬ የሚላቸው ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ቀድመዋቸው ሄደዋል። አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ከቤታቸው በላይ ግንባታ ላይ ለሚውሉ የቀን ሠራተኞች በጆግ ውሃ ታወጣላቸው ነበር አሉ። አልጋ ላይ ሆና እንኳ «ዛሬ ማን ሰጣቸው?» ትል እንደነበር ጋሼ ነግረውኛል። ስትሞት ተዝካር አልደገሱም። ለድግሱ ያሰቡትን ይዘው ከአጥሩ ውጭ፣ መንገድ ዳር ጉድጓድ አስቆፈሩ፤ ግንብ አስገነቡ፤ ባልዲና ገመድ፣ ኩባያም አኖሩ። ሰው «ኩባያው ይሰረቃል፣ በሰንሰለት ይታሰር» ቢላቸው «የምትሰጠው ልጅ እጇን አስራ ነበር እንዴ?» አሉ። ኩባያው በየጊዜው ይጠፋል። በየጊዜው ሌላ ያስቀምጣሉ።

ግቢያቸው ስገባ ግንቡ ባዶውን ነበር። ታፔላ ጸሐፊ መሆኔን ሲሰሙ የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «ግጥም ትችላለህ?» የሚል ሆነ። ሐይቁን ዞሬ መጣሁና በሰማያዊ ቀለም ይህን ጻፍኩ፤

የጠማህ ሁሉ ና፣ በሬ አይዘጋም፤
ልጄ የቀዳችው ውሃ አያልቅም።

ቤት አመታቱ ላላ ያለ ነው። ያኔ አላወቅኩትም፤ ዛሬ ሳየው ይታወቀኛል። ጋሼ ግን ግንቡ ፊት ቆመው ደጋግመው አነበቡት፤ ከዚያ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው እንደገና አነበቡት። ባጃጅ ላይ ያልተጻፈ የመጀመሪያ ግጥሜ እሱ ነው። የእሳቸውም በር በእርግጥ አይዘጋም ነበር። የአጥሩም፣ የሳሎኑም። የእኔን ክፍል በር እንኳ ተዘግቶ ሲያዩት በከዘራቸው ገፋ ያደርጉትና «ነፋስ ይግባ፣ አንተ ልጅ! ሰው በሩን የሚዘጋው ሲሰርቅ ነው» ይሉ ነበር።

ጉድጓዱ ሲቆፈር ውሃው ንጹሕ ነበር፤ ይህንን ባለሙያዋም ትመሰክራለች። ኋላ ከተማው ወደ ላይ ወጣበት። ከግቢው በላይ ያ ሁሉ ቤት ሲሠራ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ሽንት ቤት ጉድጓድ ቆፈረ፤ መሬቱ ደግሞ ቁልቁል ነው። የናሙናው ውጤት ሲመጣ ባለሙያዋ ኮሪደር ላይ ጠበቀችኝ። «የምትጠጣው ይኼን ነው?» አለች። «ተወው። ዛሬውኑ ተወው።» በዕቅዱ መሠረት ሁለት ነገር መሠራት ነበረበት፤ ጉድጓዱ ለመጠጥ ይዘጋል፣ ከላይ ያሉት ቤቶች ደግሞ ፍሳሻቸውን ታንከር ገብቶ የሚመጥበትና ወደ አፈር የማያሰርግ ጉድጓድ ይሠራሉ። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስቀይማል፣ ጊዜም ይወስዳል። የመጀመሪያው አንድ ሽማግሌ ብቻ ነው የሚያስቀይመው። እሱን እንኳ አልቻልንበትም።

የሄድነው ሐሙስ ጠዋት ነው። የሰፈሩ የዕድር ዳኛ፣ ከገበያ የጨርቅ ሱቃቸውን ዘግተው የመጡ አንድ ሐጂ፣ ኢንጂነር፣ ባለሙያዋና እኔ። እኔ ያደርኩት እዚያው ግቢ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ከውጭ ነው የሚገባውና ከክፍሌ ወጥቼ፣ አጥሩን ዞሬ፣ ከእነሱ ኋላ ተሰልፌ ተመልሼ ገባሁ።

ጋሼ ከሳሎናቸው ደጃፍ አዩን። «አንተ ደግሞ» አሉኝ፣ «ከጓዳ ወጥተህ በደጅ የምትገባው ምን ሆነህ ነው?»

«ዛሬ እንግዳ ነኝ፣ ጋሼ።»

«እንግዳ ከሆንክማ ኪራይ ልታስቀርብኝ ነው!»

ሁሉም ሳቀ። ገብተን ተቀመጥን። የዕድር ዳኛው ጋቢያቸውን አስተካክለው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጋሼ አንድ በአንድ አዩንና ፈገግታቸው እንዳለ ዝግ አሉ። «ይኼ አመጣጥ የሽማግሌ አመጣጥ ነው» አሉ። «የማውቀው ደግሞ ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲመጣ ነው። እኔ ጋ ደግሞ የምትጠይቁት ልጅ የለ።»

ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ፎቶ ልጅቷ በትምህርት ቤት ዩኒፎርም ሆና ትስቃለች። የዕድር ዳኛው ያዘጋጁት መግቢያ ከአፋቸው ሲመለስ አየሁት።

«ግድ የለም» አሉ ጋሼ፣ «ውሃ ሳትጠጡ ነገር አይጀመርም። የዚህ ቤት ደንብ ነው። የእሷ ደንብ ነው።»

ራሳቸው ተነሱ። የሞላ ጆግና ብርጭቆ በትሪ ይዘው ተመለሱ። ጆጉ ላብ አውጥቷል፤ አሁን የተቀዳ ነው። ተከራያቸው ነኝና ተነስቼ መቅዳት ነበረብኝ፤ ቀዳሁም። ለሽማግሌዎቹ፣ ለኢንጂነር፣ ለባለሙያዋ፣ ለራሴ። ውሃው እንደ መስተዋት ነው። ጭቃ ቢመስል ኖሮ እንዴት በቀለለን።

ሐጂ «ቢስሚላህ» ብለው ጠጡ። የዕድር ዳኛው ተከተሉ። ኢንጂነር መነጽራቸውን አወለቁና ጠጡ። እኔም ጠጣሁ። ባለሙያዋ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ጋሼ እያዩአት ነው፤ በቁጣ ሳይሆን፣ ሰው ምግቡን ወደደው ይሆን ብሎ እንደሚያይ።

«ጠጪ እንጂ ልጄ» አሉ የዕድር ዳኛው በለሆሳስ። «የሟች ውሃ አይመለስም።»

እኔን እያየች ጠጣች። እስከ ታች።

ከዚያ በኋላ በዚያ ሳሎን ውስጥ የተነገረውን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ አጭር ስለሆነ።

«እንግዲህ የመጣነው ስለ ውሃው ነው» አሉ የዕድር ዳኛው።

«ስለ ውሃው?» የጋሼ ፊት በራ። «ምን አገኛችሁበት?»

«ውሃው እንግዲህ… ከተማው አሁን ስለ ውሃ እያሰበ ነው። እርስዎ ደግሞ ከከተማው ቀድመው አስበዋል። እና ይኼንን… ማለትም ይኼንን እንድናውቀው…»

ወደ ሐጂ ዞሩ። ሐጂ ባዶ ብርጭቋቸውን አዩ። «አላህ ይቀበልዎት» አሉ።

«ለነፍሷ ያድርስልዎት» አሉ የዕድር ዳኛው፣ ወንዝ እንደተሻገረ ሰው ተንፍሰው።

«አሜን፣ አሜን» አሉ ጋሼ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር—» ብላ ጀመረች ባለሙያዋ። ኢንጂነር ክንዷን ነካ አደረጉ። «ሌላ ቀን» አሉ ቀስ ብለው። «ዛሬ ይብቃ።»

ዞራ አየችኝ። ቃል አለኝ የምለው እኔ ነበርኩ። አፌን ስከፍት የወጣው «አሜን» ነበር። ሁሉም ተነስቶ መረቃቸው፤ እሳቸውም እስከ መንገድ ሸኙንና ግንቡ ፊት አቁመው ግጥሜን አስነበቡን።

ታጥፈን ከዓይናቸው ስንሰወር ሐጂ ግንባራቸውን በመዳፋቸው መቱ። «ዛሬ ሐሙስ አይደል! ብዙ ሐሙስ እጾማለሁ እኮ። ዛሬም ጾመኛ ነኝ ብል ማን ይጠይቀኝ ነበር?»

«እርስዎስ ቢጾሙ» አለች ባለሙያዋ፣ «ምላስም ይጾማል እንዴ?»

ሐጂ አልተቀየሙም። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ጠጥቼ ‹ውሃህ ቆሻሻ ነው› ልበለው? አልጠጣም ብዬስ እንዴት ብዬ ቤቱ ልቀመጥ?»

እውነታቸውን ነበር። የሠራነው ስህተት እዚያ ውስጥ ነው። ሽማግሌ ስንልክ ደንቡን ሁሉ አብረን ልከነዋል፤ የሰጡህን ትቀምሳለህ፣ የቀመስከውን አታማም። መርዶ ነጋሪ እንኳ እህል ሳይቀምስ ነው የሚናገረው። እኛ ጠጥተን ልንናገር ሄድን።

በሳምንቱ ወሬው ሰፈሩን ሞላው፤ «የውሃ ሰዎች መጥተው መረመሩት፣ ወደውት ጠጡት፣ ጋሼንም መረቋቸው።» ፈረቃው ሲጠፋ ከታችኛው መንደር ሳይቀር ቢጫ ጀሪካን ይዞ የሚመጣ በዛ። ጋሼ ሁለተኛ ባልዲ ገዙ። ጠዋት ጠዋት ወንበራቸውን አጥሩ ጥላ ሥር አውጥተው ሰልፉን ያያሉ። እንደዚያ ሰሞን ደስተኛ ሆነው አይቻቸው አላውቅም፤ ለዚህም ነው ዛሬ ነገ ማለት የቀለለን። ባለሙያዋ በየስብሰባው ታነሳዋለች። ኢንጂነር «ትንሽ ይብረድ፣ መርቀን በወጣን ማግስት አንመለስም» ይላሉ። ዕቅዱ ላይ በዚያች ቀይ ነጥብ ትይዩ «ከማኅበረሰቡ ጋር ምክክር በመካሄድ ላይ» ተብሎ ገባ። አማርኛው የእኔ ነው። ጥሩ አማርኛ ነው።

ግቢው ውስጥ ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ገበያ አትክልት የምትሸጥ ሴት ከትንሽ ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ቀድታ ስትገባ አስቆምኳት። «ለልጅቷ አፍልተሽ ስጫት» አልኳት።

«ለምን?»

«ዝም ብለሽ አፍዪው። ለሁሉም ጥሩ ነው።»

ጀሪካኑን አውርዳ ወገቧን ያዘች። «አንተ ልጅ ጤና የለህም? ኢንጂነሩ በጥሬው የጠጣውን እኔ ከሰል ላቃጥልበት? ለጋሼ እነግርብሃለሁ፣ ውሃቸውን ንቀሃል ብዬ!»

«አትንገሪያቸው» አልኳት። እየሳቀች ገባች።

ዝናቡ ሲከብድ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ግንቡን እየላሰ ያልፍ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ በክረምቱ መሐል ታመመች። ተቅማጡ ሲጠናባት እናትየዋ አቅፋት በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት ሮጠች፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። የልጅቷ ዓይን ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ከንፈሯ እንደ ወረቀት ደርቋል። እናትየዋ መንገዱን ሙሉ ወደ ውጭ ነበር የምታየው። «አፍዪው ብለኸኝ ነበር» አለችኝ ስንደርስ። ልጅቷ ግሉኮስ ተሰክቶላት ከርማ ዳነች። በሰፈሩ ግን የታመመችው እሷ ብቻ አልነበረችም።

ባለሙያዋ ይህን ስትሰማ ማንንም አላስፈቀደችም። ብቻዋን መጣች። ጋሼ እንደ ወትሯቸው ከአጥሩ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ እኔ በክፍሌ መስኮት በኩል እሰማ ነበር።

«ጋሼ፣ ውሃ አልጠጣም» አለች። «የመጣሁት የምነግርዎት ነገር ስላለኝ ነው።»

ቆማ ነገረቻቸው። ውጤቱን፣ ከላይ ያሉትን ሽንት ቤቶች፣ የዝናቡን ነገር። ጋሼ አላቋረጧትም። ስትጨርስ እንደ መምህር ጠየቋት፤ «ከየት ከየት ቀዳሽ? አንድ ጊዜ ነው ደጋግመሽ? ከዝናብ በፊት ነው በኋላ?» ሁሉንም መለሰች። ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱና ተዳፋቱን ሽቅብ አዩት፤ ቤቶቹን፣ ቆርቆሮውን፣ በመሐል የሚወርደውን ቦይ።

«መቼ ነው ያወቃችሁት?»

«ከመምጣታችን በፊት።»

«የዚያ ሐሙስ?»

«የዚያ ሐሙስ።»

«አንቺም ጠጥተሻል።»

«ጠጥቻለሁ፣ ጋሼ።»

«አመሰግናለሁ፣ ልጄ» አሏት። እስከ መንገዱ ሸኟት። ሲመለሱ ባልዲዎቹንና ኩባያውን ሰብስበው ወደ ጓዳ አስገቡ፤ የጉድጓዱን የብረት ክዳን ጎትተው ገጠሙት። ከባድ ክዳን ነው። ልረዳቸው ስወጣ እንዳልቀርብ እጃቸውን አነሱ፤ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ።

ዕቅዱ ዛሬ ጸድቆ ሥራ ላይ ነው። ከላይ ካሉት ቤቶች ጥቂቶቹ ሽንት ቤታቸውን አስተካክለዋል፤ ሌሎቹ ቀነ ቀጠሮ ተሰጥቷቸው እየተነታረኩ ነው። ባለሙያዋ አሁንም ከጉድጓዱ ናሙና ትቀዳለች። አንድ ቀን ይጠራ ይሆናል ትላለች፤ እሷ ደግሞ ለማጽናናት ብላ የምትናገር ሰው አይደለችም። እኔ ከታቦር ወርጄ ባህል አዳራሽ አካባቢ ክፍል ተከራይቻለሁ። ማንም ውጣ አላለኝም።

ጋሼ ወደ ታቦሩ ክፍሌ የመጡት ክዳኑን በገጠሙበት በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አላንኳኩም። ገብተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡና የቀለም ጣሳዎቼን አዩ።

«ሰማህ አይደል?» አሉ።

«ሰምቻለሁ።»

«ውሃ ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ለዚህ ከተማ ልጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ስህተት ሳርም ኖርኩ። የእኔ ሲሆን አይገባውም ብላችሁ ነው?»

«ጋሼ፣ እንዳናሳዝንዎት ብለን…»

«ለጎረቤትህ አፍልተሽ ጠጪ ብለሃታል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ነግራኛለች። ለእሷ አፍዪው፣ ለእኔ አሜን።»

የአንዱን ቀለም ጣሳ ክዳን አንስቼ መልሼ ገጠምኩት።

«እኔ ጉድጓድ ይኑረኝ አላልኩም» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «ልጄ ሰው ታጠጣ ነበር፤ ከሞተችም በኋላ ታጠጣ አልኩ። ሌላ ነገር ከማንም አልፈለግኩም። ብትዘጉት ኖሮ አዝን ነበር፤ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ግን በልጄ ስም ልጅ ታመመ። ይኼንን ለእሷ ምን ብዬ ልንገራት?»

ውጭ አንድ ሰው ጀሪካኑን ክዳኑ ላይ አስቀምጦ «ጋሼ! ኧረ ጋሼ! ባልዲው የት ገባ?» እያለ ይጣራል። ጋሼ ወደ ቀለም ጣሳዎቹ ዞሩ።

«ቀዩ ቀለም አለህ?»

«አለኝ።»

«ጻፍበት። ‹አይጠጣም› ብለህ።»

«ከግጥሙ በታች ነው፣ ጋሼ? ቦታ አለው።»

«በላዩ ላይ» አሉ።

ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። ደጃፉ ላይ ቆም ሲሉ አንድ ነገር ሊጨምሩ መሰለኝና ቀና አልኩ። ወጡ፤ በሩንም በእጃቸው ስበው ዘጉት።